የክረምት ወደብ

በ1890 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ወደ ምዕራብ ካዘመቱት ጦር ተመርጦ የተላከ አንድ ክንፍ የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ስፍራ ደረሰ። ዘማቾቹ ከጎሬ ደጋ ወርደው፣ የባሮን ረግረግ ሜዳ አቋርጠው፣ በወባ የሞቱ ጓዶቻቸውን በየመንገዱ እየቀበሩ ነበር የመጡት። አብረዋቸው ጥቂት አውሮጳውያንና ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ከኮሳኮቹ ጋር ነበሩ። ዕቅዱ ከምዕራብ አፍሪካ በኩል ከሚመጣው ከፈረንሳዊው ካፒቴን ማርሻን ጋር መገናኘት ነበር። ወንዙ ዳር ግን ማንም አልጠበቃቸውም። የኢትዮጵያን ባንዲራ በቀኙ ዳርቻ ተከሉ። የፈረንሳይን ባንዲራ ማዶ ለመትከል ደግሞ ጀልባ ስላልነበራቸው አዞ የሞላበትን ውሃ ዋኝቶ የሚሻገር ደፋር መፈለግ ነበረባቸው። ተገኘ፤ ተተከለ። ስንቅ አልቆ ክረምቱም እየገፋ ስለነበር ሳይውሉ ሳያድሩ ተመለሱ። ማርሻን ነጭ ዓባይ ዳር ፋሾዳ የገባው ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው።

መስከረም 1891 ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ኦምዱርማንን በያዘ ማግስት በአምስት የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥቶ ፋሾዳ ደረሰ። በእግሩ የመጣው ተመልሷል፤ በጀልባ የመጣው ተከበበ፤ በእንፋሎት የመጣው እዚያው ቀረ። የላይኛው ዓባይ ጉዳይ ያለቀው በዚህ ነው ቢባል ብዙ አያጋንንም።

ማርሻን ፋሾዳን ሲለቅ በካርቱም በኩል፣ በተቀናቃኞቹ መርከብ ተሳፍሮ መውጣትን ክብሩ አልፈቀደለትም። በታኅሣሥ መግቢያ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። «ፌደርብ» የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ነበረችው። ፌደርብ ከኮንጎ ተፋሰስ ወደ ዓባይ ተፋሰስ የተሻገረችው ተፈታትታ፣ ክፍሎቿ በሰው ትከሻ ተጭነው፣ የእንፋሎት ማፍያዋም በግንድ ላይ እየተንከባለለ ጫካ ለጫካ ተገፍቶ ነው። ያንን ሁሉ አልፋ ሶባት ገባች፤ ከሶባትም ባሮን ይዛ ሽቅብ ቀጠለች። የደረሰችበት ወር ግን ጥር ነበር። በጥር ባሮ ይሳሳል፤ አሸዋው ይወጣል፤ ወደ ደጋው ግርጌ በቀረቡ ቁጥር ዓለቱ ይበዛል። ፈረንሳውያኑ መርከባቸውን እዚያው ትተው በእግር ወደ ጎሬ ወጡ። ከጎሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፤ ግንቦት 1891 ባሕር ላይ ደረሱ። የአህጉሩ ጫካ ያልገታትን መርከብ የገታት የአንድ በጋ የውሃ ማነስ መሆኑን ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ሊያስቡበት ይገባ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያያዘው ከዚሁ ወንዝ ጠባይ ጋር ነው። ብርብርና ገባ ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮ ከደጋው ጫፍ እየተወረወረ ወርዶ ሜዳው ላይ ይረጋጋል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ 526 ሜትር ላይ። ከጋምቤላ በላይ ገደልና ፏፏቴ ነው፤ ከጋምቤላ በታች ግን እስከ ካርቱም ድረስ መርከብ የሚያቆም ዓለት የለም። ባሮ ከፒቦር ጋር ተዋህዶ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ሲቀላቀል ከራሱ ከነጭ ዓባይ የማያንስ ውሃ ያመጣለታል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ዝናቡ እየቀነሰ፣ ሳሩ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ በረሃ ይሆናል። በካርቱም በረሃ መካከል የሚያልፈው ውሃ ከፊሉ የኢሉባቦርና የወለጋ ዝናብ ነው። ችግሩ ይህ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ የማይዘንብ መሆኑ ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ባሮ መርከብ ይሸከማል፤ በቀረው ጊዜ በእግር የሚሻገሩት ስፍራ አያጣም።

እንግሊዞች ሱዳንን ከያዙ በኋላ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ወደ ካርቱም ለመሳብ ፈለጉ። ጊዜውም ግድ ይል ነበር፤ ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የጀመሩት የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ሊደርስ ተቃርቦ ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ በበኩላቸው ንግዳቸው በአንድ በር ብቻ እንዲወጣ አልሻቱም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902) ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር ውል ተፈረመ። ይህ ውል ዛሬ ስለ ዓባይ ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚጠቀሰው በሦስተኛው አንቀጹ ነው፦ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው። አራተኛውን አንቀጽ የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገኝም። በእኔ ዕይታ ግን በመሬት ላይ የሚዳሰስ ነገር የፈጠረው አራተኛው ነው። በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር፣ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ስፋት ያለው፣ ጠቅላላውም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ይከለክላል። ኪራዩ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ነው። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሥራዋን ትሠራለች።

በዚያው ሰሞን ሌላ ሙከራ በሌላ ወንዝ ላይ ተደርጎ ነበር። አሜሪካዊው ሀብታም ዊሊያም ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ1903 በብረት ጀልባዎች ጥቁር ዓባይን ከደጋው ተነስቶ እስከ ሱዳን ለመውረድ ሞከረ። ጀልባዎቹ ገና ብዙ ሳይርቁ በገደሉ ውስጥ ተሰባበሩ። ትልቁ ዓባይ እምቢ ያለውን ባሮ ፈቀደ፤ ያውም ለአምስት ወር ብቻ።

ውሉ ኢታንግን ይጥቀስ እንጂ ኢታንግ ዝቅ ያለና በክረምት ውሃ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ነው። መርከቡ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ደጋው ግርጌ ድረስ መውጣት ይችላል። ስለዚህ የተመረጠው የአኙዋዎች መንደር የነበረው ጋምቤላ ሆነ። ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1904 ተጀመረ፤ በ1907 ወደቡና የቀረጥ ጣቢያው በወጉ ቆሙ። በኪራዩ ይዞታ ውስጥ የሱዳን መንግሥት ሹም ተቀመጠ። ከውጭ ደግሞ የኢትዮጵያ ኬላና ሹማምንት ነበሩ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ባንዲራ። ካፒቴን ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ለረጅም ዓመታት ይዞታውን አስተዳድሯል፤ ሥልጣኑ ከ400 ሄክታሩ ውጭ ባይሆንም ወሬው ግን ጎሬም፣ የዛሬው ደምቢ ዶሎ ሳዮም ይደርስ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ጎሬ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ደግሞ ወኪል ጽሕፈት ቤት ከፈተ። ባንክ ያልነበራቸው ትላልቅ ከተሞች ሞልተው ሳለ በባሮ ዳር ወኪል ማስቀመጡ ገንዘቡ የት እንደነበር ይናገራል።

መርከቦቹ የሱዳን መንግሥት፣ በኋላም የሱዳን ምድር ባቡር ድርጅት ንብረት ነበሩ። የዓባይ መርከብ ከባሕር መርከብ ይለያል፦ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ውሃ ውስጥ ብዙ አይገባም፤ የሚገፋው ከኋላው የተገጠመ ሰፊ የመቅዘፊያ መንኮራኩር ነው። ብዙውን ጭነት የሚሸከመው ራሱ አይደለም። ከጎንና ጎኑ፣ ከፊቱም ተጎታች የጭነት ጀልባዎች በወፍራም ገመድና ሰንሰለት ይታሰሩለታል፤ ሁሉም እንደ አንድ ደሴት ተያይዘው ይጓዛሉ። ማገዶው እንጨት ነው። በየወንዙ ዳር እንጨት ተፈልጦ፣ ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ መርከቡ ቆሞ ይጭናል፣ ይቀጥላል። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ የተያያዘ ብረት መታጠፍ አለበት። አሸዋው ከዓመት ዓመት ቦታ ይለዋውጣል፤ ስለዚህ ከፊት የቆመ ሰው ረጅም ዘንግ ውሃው ውስጥ እየሰደደ ጥልቀቱን ይለካል፣ ይጮኻል። መሪው የሚያምነው ያንን ድምፅ ነው፤ ካርታ ቢኖረውም የዓምናው አሸዋ ዘንድሮ እዚያው ስለመኖሩ ምንም አይነግረውም።

ከካርቱም እስከ ጋምቤላ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በክረምት በወር ሁለት ጊዜ መርከብ ይነሳ ነበር፤ ሽቅብ ለመውጣት 11 ቀን፣ ቁልቁል ለመውረድ 7 ቀን ይፈጅበታል። እንግዲህ ከጎሬ አዲስ አበባ በቅሎ ላይ ቡና ጭኖ፣ ደን ለደን፣ ጭቃ ለጭቃ መጓዝ ሳምንታት በሚፈጅበት ዘመን፣ አንድ መርከብ የብዙ መቶ በቅሎ ጭነት በሳምንት ካርቱም ያደርሳል። ከካርቱም ፖርት ሱዳን ደግሞ የባቡር መንገድ አለ። የእንግሊዞች ስሌት ትክክል ነበር።

ነገር ግን ስሌቱ አንድ ነገር አልቆጠረም። ቡናው የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይሸጣል፤ በቅሎና አህያ የሚሄድበት መንገድም የሚደርቀው በዚያው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ባሮ ጎድሏል። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ከደጋ የሚወርደው መንገድ ጭቃ ነው። መንገዱና ወንዙ በአንድ ወቅት ተገናኝተው አያውቁም። ስለዚህ የጋምቤላ ንግድ ዋና ዕቃ መርከቡ አይደለም፤ መጋዘኑ ነው። ቡናው በበጋ ወርዶ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በዚያ ሙቀት ተከምሮ፣ ሰኔን ይጠብቃል። ገንዘብ ያለው ነጋዴ ይጠብቃል። የሌለው መጠበቅ ለሚችለው ይሸጣል። ግሪኮች፣ ሶርያውያንና አርመኖች፣ ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎችም እዚያ በዝተው የታዩት ወንዙን ከሌላው አብልጠው ስላወቁት አይመስለኝም፤ ከካርቱም የሚመጣ ብድር ይዘው አምስትና ስድስት ወር የሚያስጠብቅ ትዕግሥት መግዛት ስለቻሉ ነው።

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ሲራራ ቡሬ ላይ ያድራል። ከቡሬ በታች ሀገሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ ይከብዳል፣ ሳሩ ከሰው ይረዝማል፣ ደጋ ያደገ በቅሎ በገንዲ ይመታል። ነጋዴው ከብቱን ከሚያጣ ጭነቱን በሰው ትከሻ ማውረድ የሚመርጥበት ጊዜ ነበር፤ ተሸካሚው ግን ለወባ ተጋላጭ መሆኑን የሚያሰላው አልነበረም። በሰሜን በኩል ከሳዮ የሚወርድ ሌላ መንገድ አለ። የቄለሙ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉም ሆኑ የነቀምቴው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ወደ ሱዳን የሚወጣ ንግድ ምን ጥቅም እንዳለው ከማንም ሳይማሩ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ማን የትኛውን ኬላ ይይዛል የሚለው ጥያቄ በምዕራብ ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ያልበረደ ጠብ ነው።

ቁልቁል የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ከጫካ የሚሰበሰብ ጎማ ነበር። የጎማው ነገር አጭር ሆነ፤ ቡናው ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ከዚህ ቡና ብዙው አውሮጳ እንኳ አልደረሰም፤ ሱዳን ራሷ ጠጣችው። ሽቅብ የሚመጣው በዋናነት ጨውና አቡጀዲ ነው። ጨው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የምዕራብ ኢትዮጵያ ሰው ጨው ያገኝ የነበረው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ሀገር አቋርጦ፣ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት የመጣ አሞሌ ነው። ከቀይ ባሕር ዳር ተነስቶ በባቡርና በመርከብ ጋምቤላ የሚራገፍ ጨው ለኢሉባቦርና ለወለጋ ገበያ ምን እንዳደረገ መገመት አያስቸግርም።

ሌላ ዕቃም ነበር፤ እርሱ ግን በመርከብ አልመጣም። ጠመንጃ ከደጋው ወረደ። የአኙዋ መኳንንት የዝሆን ጥርስ እየሰጡ ከደጋ ነጋዴዎች ጠመንጃ ሲገዙ ቆዩና ብዙ ሳይቆይ ከጎረቤቶቻቸው የላቀ መሣሪያ ያዙ። የሱዳን መንግሥት ይህን ሊታገስ አልቻለም። መጋቢት 1904 ዓ.ም. አክዌይ ዋ ቻም የተባለውን የአኙዋ መሪ ለመቅጣት የዘመተው የሱዳን ጦር አዶንጋ ላይ ሁለት እንግሊዛውያን መኮንኖችን ጨምሮ ከአርባ በላይ ሰዎች አጥቶ ተመለሰ። ወሩን ልብ ይሏል፤ መጋቢት ላይ መርከብ እንደልብ አይሄድም። በወንዙ ላይ ጌታ የሆነ መንግሥት ከወንዙ ጥቂት ሲርቅ ምን ያህል ደካማ እንደነበር የአኙዋ ሰዎች ከማንም ቀድመው አወቁት።

መርከቡ ሰውም ያመጣ ነበር። በሶባት ዳር ናስር ላይ በአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥር ይሠራ የነበረው ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919፣ የኅዳር በሽታ ሀገሩን ካጠቃ በኋላ፣ በዚሁ ወንዝ በጋምቤላ በኩል ወደ ሳዮ ወጣ። በሳዮ ሕክምና ጀመረ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በራስ ተፈሪ ፈቃድ አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አቆመ። ብዙ ሰው ስለ ዘመናዊ ሕክምና አመጣጥ ሲያወራ የሚያስበው የጅቡቲን ባቡር ነው፤ ይህኛው በምዕራብ በር ነው የገባው።

ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የባሮን ንግድ ያጠፋዋል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ አዲስ አበባና ጎሬ ገና በበቅሎ ነበር የሚገናኙት። በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ከሚደረገው ንግድ አብላጫው በጋምቤላ ማለፉን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1929 የዓለም ገበያ ሲወድቅ የቡና ዋጋ ተከትሎ ወደቀ፤ ያን ጊዜ በመጋዘን ቡና ይዞ ሰኔን መጠበቅ ቁማር ሆነ። በዚያው ዘመን ከጎሬ እስከ ጋምቤላ የመኪና መንገድ መጠረግ ጀመረ። ተሽከርካሪ ቡሬን ቁልቁል ሲወርድ ሰዎች ንግዱ ሊስፋፋ ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ስትያዝ የቀረው የመንግሥት አካል ወደ ምዕራብ ሸሸ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ጎሬ ላይ ነበሩ፤ ራስ እምሩም እዚያው ደረሱ። ጎሬ ለጥቂት ወራት የነጻይቱ ኢትዮጵያ የመጨረሻ መቀመጫ የሆነችው ስለ ደጋዋ አየር አይደለም፤ ከኋላዋ ባሮ፣ ከባሮም ወደ ሱዳን የሚወስድ መንገድ ስለነበራት ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ኧርስኪን ጎሬ ተቀምጦ ሪፖርት ይልክ ነበር፤ የወለጋ መሳፍንትም በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመግባት ጥያቄ አቀረቡ፤ ከለንደን የመጣ ረብ ያለው መልስ ግን አልነበረም። ክረምቱ አለፈ፣ ውሃው ጎደለ፣ ጣሊያኖች ኅዳር 1929 ጎሬ ገቡ። ራስ እምሩ ታኅሣሥ ላይ ጎጀብ ዳር ተማረኩ።

ጣሊያኖች ቡናው ወደ ሱዳን ሳይሆን ወደ ራሳቸው ወደቦች እንዲሄድ ፈለጉ፤ የሊራው ቁጥጥርም ለካርቱም ነጋዴ የሚመች አልነበረም። ዓለም አቀፉ ጦርነት ሲነሳ ጋምቤላ የጣሊያን ጦር ሰፈር ሆነች። ያስለቀቃትም ማንም ያልጠበቀው ጦር ነው፦ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው «ፎርስ ፑብሊክ»። ኮንጎአውያኑ ወታደሮች ከሀገራቸው በመኪናና በባቡር፣ ከዚያም በዓባይ መርከብ ሱዳን ገብተው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መግቢያ አሶሳን ያዙ፤ መጋቢት 14 ቀን ጋምቤላ ገቡ። ቀጥለው ወደ ሳዮ ደጋ ሽቅብ ሲዋጉ ግን የፌደርብ ዕጣ ገጠማቸው። ውሃው ዝቅ ስላለ መርከብ ስንቅ ማድረስ አቃተው። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ የመኪናው መንገድ ከወንዙ ቀድሞ ተዘጋ። በዚያ መካከል የተያዘው ጦር ከጥይት ይልቅ በረሀብና በበሽታ ተጎዳ። ወንዙ ሞልቶ ስንቅና ተጨማሪ ጦር ከመጣ በኋላ፣ የአካባቢው አርበኞችም ከየአቅጣጫው ጣሊያኖቹን ሲያስጨንቁ፣ ጄኔራል ጋዜራ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ሳዮ ላይ ከብዙ ሺህ ወታደሮቹ ጋር እጁን ሰጠ። ቀኑን ከባሮ የውሃ መጠን ጋር አያይዞ ማየት ጦርነቱን ከካርታ የበለጠ ያስረዳል።

ከድሉ በኋላ የኪራይ ይዞታው ተመለሰ፤ የሱዳን ምድር ባቡር መርከቦችም በክረምት መመላለስ ጀመሩ። ከጦርነቱ በኋላ የቡና ዋጋ አሻቅቦ ስለነበር ጋምቤላ ጥቂት ጥሩ ዓመታት አየች። ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ወጣች። ከዚህ በላይ ያልኩት የውሉ ሐረግ አሁን ሠራ፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ ሥር እስካለች ድረስ ይላልና ኪራዩ በራሱ ፈረሰ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1956 የጋምቤላ ይዞታ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ጥይት አልተተኮሰም፤ አንድ ባንዲራ ወርዶ ሌላው ብቻውን ቀረ።

ወደቡን ያገኘነው ዋጋው ሲጠፋ ነው። በደቡብ ሱዳን ያመጹት ወታደሮች ነሐሴ 1947 ላይ የመጀመሪያውን ጥይት ተኩሰው ነበር፤ ያ ጦርነት እስከ 1964 ዓ.ም. ቆየ፤ መርከቡ የሚያልፍባቸው ማላካልና ናስር የጦር ቀጠና ሆኑ። በዚህ በኩል ደግሞ ቡናው ፊቱን አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1957 የቡና ቦርድ ተቋቁሞ ቡና በማዕከል እየተመረመረና ደረጃ እየወጣለት ወደ ውጭ እንዲላክ ተደረገ። በጅማ በኩል ጎሬና መቱ ድረስ መኪና ገባ፤ አዲስ አበባን ከአሰብ የሚያገናኘውም መንገድ ነበረ። በዚህ መንገድ ለሚሄድ መኪና ሰኔና ጥር ያን ያህል ልዩነት አልነበራቸውም። ነጋዴው ቡናውን ስድስት ወር አስቀምጦ ወንዝ የሚጠብቅበት ምክንያት ሲጠፋ መጋዘኑም መርከቡም አብረው ተረሱ። የመጨረሻው መርከብ በስንብት ፉጨት የሄደበት ቀን የለም፤ ጉዞው እየሳሳ፣ ዓመት እየዘለለ ነው የቀረው።

በ1975 ዓ.ም. ሁለተኛው የሱዳን ጦርነት ሲነሳ የቀረውም ተዘጋ። የደቡብ ሱዳን አማፂ ጦር ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. በደርግ ድጋፍ በጋምቤላ ምድር ሰፈረ፤ ውሉ በስም የጠቀሳት ኢታንግም በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዷ ሆነች። በ1977ቱ ድርቅ ከሰሜንና ከደቡብ የተነሱ ሠፋሪዎች ወደ ጋምቤላ ሲመጡ የመጡት በአውቶቡስና በአውሮፕላን ነው። ደርግ ሲወድቅ፣ ግንቦት 1983 ላይ፣ የኢታንግ ስደተኞች በብዙ መቶ ሺህ ሆነው በዝናብና በጭቃ በእግራቸው ወደ ናስር ተመለሱ።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. አዲሲቱ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሌላ ጦርነት ፈነዳ። በቀጣዮቹ ወራት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የኑዌር ሴቶችና ሕፃናት፣ በፓጋክ፣ በአኮቦና በቡርቢ በኩል ድንበር ተሻገሩ። ክረምቱ ሲገባ ቡርቢን ከተቀረው ክልል የሚያገናኘው መንገድ በውሃ ተዋጠ። የረድኤት ድርጅቶች ያላቸው አማራጭ ወንዙ ብቻ ስለነበር ስደተኞቹን በጀልባ እየጫኑ በባሮ ሽቅብ ወደ ኢታንግ፣ ከዚያም በመኪና ወደ ኩሌና ቲርኪዲ መጠለያዎች አጓጓዙ። ለችዎር መጠለያ ላይ የሰፈሩት ግን ጎርፍ ሰፈራቸውን ስላጥለቀለቀባቸው በዓመቱ ወደ ጀዊ መዛወር ነበረባቸው።